ሁለተኛው አፍ

አዲስ ጎማ ሲሸተኝ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቅተኛል። ሰበታ የሚኖር ሰው ነኝና የጎማ ሽታ ብርቄ አይደለም። ቤታችን ከጅማ መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ከየፋብሪካው የሚወጡት ከባድ መኪኖች ፍሬን ሲይዙ የሚያቃጥሉት ጎማ በመስኮት ገብቶ ምሳችን ላይ ያርፋል። ያ ግን የተቃጠለ ነው፤ አይነካኝም። እኔን ከመቀመጫዬ የሚያስነሳኝ ከማሸጊያው ገና የወጣ፣ ውሃ ያልነካው፣ ነጭ ዱቄት ቢጤ ያለበት ጎማ ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ያ ሽታ ሳሎኔ ድረስ መጣ።

ይዛው የመጣችው ለሊሴ ናት። ለሊሴ የጓደኛዬ የገመቹ የመጨረሻ ልጅ ነች፤ ሱሉልታ ተወልዳ፣ ውሃ ምህንድስና ተምራ፣ ግድብ የሚያድስ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ተቀጥራለች። ጥቁር ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች ስትገባ ባለቤቴ ጽጌ በሩን ያዘችላትና፣ "ምነው ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የተሸከምሽው?" አለቻት።

"መተንፈሻ ነው፣ እትዬ" አለች ለሊሴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ አንድ ነገር እንዲያዩልኝ ነው የመጣሁት። አባዬ መምጣቴን አያውቁም።"

ዚፑን ስትከፍተው ሽታው ወጣ። እኔም እዚያው ሳሎኔ ውስጥ፣ በጽጌ ሶፋና በቴሌቪዥኑ መሀል ቆሜ፣ በወጣትነቴ ባሕር ኃይል ሆኜ የኖርኩባት ምጽዋ ገባሁ።

ያን ጊዜ ባሕር ነበረን። እንዴት እንደነበረንና እንዴት እንዳጣነው የሚያወሩ ሌሎች ሞልተዋል፤ እኔ የማስታውሰው ሙቀቱን ነው። አንሶላችንን ውሃ ነክረን ለብሰን የምንተኛበት፣ ተነስተን ሳንጨርስ አንሶላው የሚደርቅበት ሙቀት። የማስታውሰው ነጩን የባሕረኛ ልብስ ነው፤ ሱሪው ከታች የሚሰፋ፣ አንገትጌው ጀርባ ላይ የሚወርድ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ። ተኳሹ ሰውዬ ከተማው ባለበት ደሴት ላይ፣ ቅስት በረንዳ ካላቸው አሮጌ ቤቶች አንዱ ጥግ፣ ጥላ ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይውላል። ውሃውን በአፉ ጎንጨት ብሎ ልብሱ ላይ እንደ ጉም ይነፋዋል፤ እኛም ምንም አይመስለን፣ ያንኑ ለብሰን እንኮራለን። ከእሱ ቀጥሎ የሎሚ ውሃ የሚሸጥ አንድ የመናዊ ነበረ። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው በረዶ የገባበት ብርጭቆ ጠጥቶ ለሲጋራም ይተርፈው ነበር። ከሱቁ ራዲዮ የሚወጣው ዘፈን አንድ ቀን የሱዳን ነው፣ አንድ ቀን ከአስመራ፣ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ፤ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ግማሹን ይዞት ይሄዳል። እስከ ዛሬ ሙሉ ግጥማቸውን የማላውቃቸው ዘፈኖች አሉ፤ ሰርግ ቤት ሲዘፈኑ እኔ የማውቀው ነፋሱ ያልወሰደውን ግማሽ ብቻ ነው። ጸጉራችንን ኮፍያው የሚፈቅደውን ያህል አጎፍረን፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ድልድዩን ይዘን ወደ ከተማ እንሄዳለን። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ የሚሄደው ገመቹ ነበር።

ገመቹ ከሱሉልታ ሲመጣ ከወንዝ የበለጠ ውሃ አይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ቀን ባሕሩን በእፍኙ ዘግኖ ቀመሰውና ተፍቶ፣ "ማነው ጨው የጨመረበት?" ብሎ ያንን ፈገግ የማያውቅ አሠልጣኛችንን ሳይቀር አሳቀው። ዓመት ሳይሞላ ግን ከሁላችንም የተሻለ ጠላቂ ወጣው። አይቸኩልም። ውሃ ውስጥ የሚቸኩል ሰው አየሩን ይጨርሳል፤ ገመቹ እዚያ ታች እርሻውን እንደሚዞር ገበሬ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።

ሲጠልቁ ያላየ ሰው እንዲገባው ልንገር። ጠላቂ ጀርባው ላይ የአየር ቦምቦላ ያዝላል። ቦምቦላው ራስ ላይ የአየሩን ግፊት የሚቀንስ ብረት ይታሰራል፤ ከብረቱ ቱቦ ይወጣል፤ የቱቦው ጫፍ ላይ በጥርስ የሚያዝ ጎማ ያለው መተንፈሻ አለ። እኛ "አፍ" ነበር የምንለው። በእኛ ጊዜ አንድ ሰው አንድ አፍ ብቻ ነበረው። ጓደኛህ አየር ቢቋረጥበት የራስህን ከአፍህ አውጥተህ ታቀብለዋለህ። እሱ ሁለቴ ይተነፍስና ይመልስልሃል፤ አንተ ሁለቴ ትተነፍስና ትሰጠዋለህ። እንዲህ እየተቀባበላችሁ ትወጣላችሁ። ገመቹ በመለማመጃው ሰዓት፣ ገና መወጣጫው ላይ ቁጭ እንዳልን፣ በኦሮምኛ ይቆጥርልን ነበር። "ቶኮ፣ ለማ፣ ኬኒ!" አንድ፣ ሁለት፣ ስጥ! ከጎንደር የመጣውም ከሐረር የመጣውም ልጅ ይህችን ኦሮምኛ ለመደ።

"ጋሼ?" አለችኝ ለሊሴ። ዕቃውን ከነቦምቦላው ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጨርሳለች። ጽጌ ዳንቴሏን ቶሎ ሰብስባ አንስታለች።

"የቱ ነው ያስቸገረሽ?"

ቢጫውን አነሳችልኝ። ቱቦውም ቢጫ፣ አፉም ቢጫ። "ትርፉ ነው። ለእኔ ሳይሆን አብሮኝ ለሚገባው ሰው የምይዘው። ውሃ ሲነካው ዝም ብሎ ይለቃል፤ እንዲህ ከሆነ አየሬን ሁሉ ይጨርስብኛል። መሣሪያውን የሚያይልን ሰው አገሩ ሄዷል፣ በቶሎ አይመለስም።"

"የት ነው የምትገቢው?"

"ቡራዩ፣ ከከተማው በላይ ያለው ግድብ። የውሃ መውጫው ወንፊት በአረምና በጭቃ ተደፍኗል። ሐሙስ እንጀምራለን፣ እኔና ሙባረክ። ውጭ አገር አብረን ነው የሠለጠንነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው።"

ባሕሩ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ጅቡቲ ወደብ ለጠላቂዎች መሣሪያ እየጠገንኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ትርፍ አፍ የሚባለውን ያየሁት እዚያ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ቱቦውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር ብዬ። ጣቴ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቷል። ያን እሁድ መፍቻ ስይዝ ጽጌ እጄን ስታይ አየኋት።

አየሩን ዘግተን ቱቦ ውስጥ የቀረውን አስተነፈስን። የግፊት መቀነሻው ብረት ላይ በብሎን የተወተፉ ቀዳዳዎች አሉ። ሰፊው የቦምቦላውን ሙሉ ግፊት የሚያወጣ፣ ለመለኪያው ነው። ጠባቦቹ ለአፎቹ ናቸው። ለሊሴ ቢጫውን በትክክለኛው ዓይነት ቀዳዳ ነበር ያሰረችው፤ ግን በግራ በኩል።

"ሙባረክ ነኝ እንበል" አልኩና ፊት ለፊቷ ቆሜ ቢጫውን ወደ አፌ ሳብኩት። ቱቦው ተጠማዞ ተገልብጦ መጣብኝ። "አየሽ? የጨነቀው ሰው ሲያገላብጥ መዋል የለበትም።"

"በቀኝ በኩል፣ በክንዴ ሥር ቢመጣስ?" አለች ወዲያው፤ እኔ ሳልላት።

በቀኝ አደረግነው። ከማሰራችን በፊት ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ጎሚኒ፣ ያቺን አየር እንዳያመልጥ የምትዘጋ የጎማ ቀለበት፣ በጣቴ ዞርኩባት፤ ጤነኛ ናት። በእጅ አጠበቅንና መፍቻው ትንሽ ብቻ ነካ አደረገው። ከዚያ በላይ የታገሉት እንደሆነ ክሩ ይበላል። ጽጌ ልብስ የምታጥብበትን ሰማያዊ ሳፋ ውሃ ሞልተን አመጣን። አየሩን ከፍተን ማሰሪያውን ስንነክረው አረፋ የለም። ቢጫውን አፍ ስንነክረው ግን እንደተቆጣ እባብ ጮኸ፤ ውሃው ጽጌን ከነቀሚሷ አበሰበሳት።

"በሉ እንግዲህ! ግድቡን እዚሁ አመጣችሁት" አለች።

አፉ ውስጥ አየሩን የምትይዝ ትንሽ መክፈቻ አለች፤ ብሎኗ ከልክ በላይ ላልታ ነበር። ትንሽ አጠበቅንና ነከርነው፤ ጮኸ። ደግመን አጠበቅን፤ አሁንም። ጥቂት በጥቂት እየነካካን ቆየን፣ በመጨረሻ ሳፋው ውስጥ ገብቶ ዝም አለ። ለሊሴ አፏ ውስጥ ከታ ሳበችው።

"ከዋናው ትንሽ ይከብዳል" አለች።

"ትንሽ መክበድ አለበት። ሰው ሳይስበው እንዳይለቅ።"

"ሙባረክ ሲደነግጥ ባይመጣለትስ?"

"የደነገጠ ሰው እንዴት እንደሚስብ አታውቂም። ይመጣለታል። ቢሆንም ትንሽ እንመልሰው።" መለስነው። ደግማ ሳበችና ራሷን ነቀነቀች። ልቤ ግን አላረፈም። እኔም ሞከርኩት፤ ደግሜ ሞከርኩት። ስለ ከፍታው ጠየቅኋት፤ ያ ግድብ ከባሕር በላይ የት እና የት ነው፣ እንደ ምጽዋ ቱር ብሎ የሚወጣበት ውሃ አይደለም፤ አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ ቶሎ የወጣ ጠላቂ ደሙ ውስጥ አረፋ ይፈጠርበታል። እጇ ላይ ያለውን ሰዓት መሳይ ነገር አሳየችኝ፤ ከፍታውን አስገብታበታለች፣ ምን ያህል ቀስ ብላ መውጣት እንዳለባት እሱ ይነግራታል። የእኛ ሰዓት ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ።

የቀረው ቢጫውን የት እንደምታንጠለጥለው ነው። እሷ ጎኗ ላይ ያለ ኪስ ውስጥ ነበር የምትከተው። ደረቷ ላይ፣ ከአገጯ በታች፣ ሲጎትቱት ብቻ የሚለቅ መያዣ አደረግንበት። "ጽጌ፣ ነይ እስቲ፣ ዓይንሽን ጨፍኚና ቢጫውን ያዢው" አልኳት። ባለቤቴ በበሰበሰ ቀሚሷ መጣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እጇን ዘረጋች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ዳሰስ አድርጋ መንጭቃ ወሰደችው። "ይኸው! ይሄ ደግሞ ምን ያስቸግራል?" አለች። ሦስታችንም ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ ለሊሴ ቱቦውን ትጠቀልል ጀመር። "አባዬ እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ አያናግሩኝም" አለች ቀና ሳትል። "ሰላም እላለሁ፣ ተነስተው ወደ ላሞቹ ይሄዳሉ። እራሳቸው ጠላቂ የነበሩ ሰው! ምንድነው ጋሼ? አንቱ ያውቃሉ።"

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። እየተንጎራደድኩ ነገርኳት።

አንድ ቀን የገጠመችን መርከብ ትልቅ ነበረች፤ ከሥሯ ውሃውን እየቀዘፈ የሚገፋት ማዞሪያ ላይ የወደብ ገመድ ተጠምጥሞባታል። ቆርጠን እንድንፈታው እኔና ገመቹ ገባን። የወደብ ውሃ ድፍርስ ነው፤ ክንድህን ከዘረጋህ ጣትህ አይታይህም። እየቆረጥን ሳለ የተወጠረው ገመድ በድንገት ተፈናጥሮ ቱቦዬን ከማዞሪያው ስለት ጋር አጣበቀው። የተቆረጠው ቱቦ ፊቴ ላይ ሲዘል ትዝ ይለኛል፤ አየሬ ሁሉ አረፋ ሆኖ ሲሄድ። ቀና ብዬ ልወጣ አልኩ፤ ከላያችን ያለው ሰማይ አልነበረም፣ ብረት ነበር። የመርከቧ ሆድ። ከዚያ አንድ እጅ አንገቴን ያዘኝ፤ ጥርሴ መሀል ጎማ ገባ። አየር መጣ። የገመቹ አፍ ነበር። እየተቀባበልን፣ ብረቱን በጀርባችን እየታከክን፣ ብርሃን እስኪመጣ ተጎተትን። ያን ዕለት ማታ በተተኮሰ ልብሳችን የመናዊው ሱቅ ፊት ተቀምጠን የሎሚ ውሃ አዘዝን። አልጠጣነውም። በረዶው እስኪቀልጥ አየነው፣ ተነሳን፣ ሄድን። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ለሊሴ ቱቦውን ይዛ ቀርታለች። "ለእኔ አንዲት ቃል አልነገሩኝም" አለች። ቱቦውን ሻንጣው ውስጥ እያስገባች፣ "ሄደው ያናግሩልኛል? እንዲፈቅዱልኝ አይደለም፤ እገባለሁ። ተኮራርፈን መግባቱን ነው የጠላሁት።"

በማግስቱ በማለዳ ከሰበታ ሚኒባስ ያዝኩ። አዲስ አበባን አቋርጬ፣ እንጦጦን ዞሬ ቁልቁል ስወርድ ሯጮቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ልብሳቸው ከሩቅ ያበራል። እኔና ገመቹ በወጣትነታችን ለእረፍት ስንመጣ በዚህ መንገድ የሚሮጥ የለም ነበር፤ ሣር ነበር፣ እስከ ዓይን መጨረሻ ሣርና ከብት። አሁን የድንጋይ አጥር ነው፣ የቆርቆሮ በር ነው፣ ግማሽ ቆሞ የቀረ ፎቅ ነው። ገመቹም ከድሮው ሣሩ ከሩብ የማይበልጥ ነው የቀረው። እሱን አጭዶ ድርቆሽ ሲከምር አገኘሁት፤ መንሹን ይዞ፣ ያንን ወፍራም ካፖርቱን እንደ ለበሰ።

"አካም ጅርታ፣ ገሜ?"

"ነጋ፣ ሰላም ነው። ኮቱ፣ ና" አለኝ። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ከዚያ መንሹን አነሳ። "ልካህ ነው።"

"አዎ።"

"አስተካከልክላት?"

"አስተካከልኩላት።"

"ለምን?"

"ባላስተካክልላትም ትገባለች። ሳይስተካከል ከምትገባ ብዬ።"

አንድ እቅፍ ድርቆሽ ወርውሮ ክምሩ ላይ አኖረ። ስለ ቢጫው አፍ ነገርኩት፣ እንዴት እንዳሰርነው፣ ጽጌ ዓይኗን ጨፍና እንዴት እንዳገኘችው። ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

"ሁለት አፍ" አለ ሲበቃው። "ቦምቦላውስ? አንድ። እንግዲህ እሷ ለሁለት የማይበቃ አየር ይዛ ነው የምትገባው።"

"ለመውጫ ይበቃል፣ ገሜ። ለመውጫ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።"

መንሹን መሬት ላይ ተከለው። "አንተ ያን ቀን የምታስታውሰው አፉ ሲመጣልህ ነው" አለኝ። "እኔ የማስታውሰው ሲሄድብኝ ነው። ሰጠሁህና እጄን ዘርግቼ ቆየሁ። ዓይንህን አየሁት፤ ዓይንህ እኔን አያይም ነበር። አይመልስልኝም አልኩ በልቤ። እናቴን ተሰናበትኳት።"

"መለስኩልህ" አልኩት።

"መለስክልኝ፤ ምን ወጣህ! በየተራው መለስክልኝ። እኔ ግን በየተራው ስሰናበት ነው የወጣሁት።" አንገቱን ወደ ቤቱ ጣል አደረገ። "ይህቺ ልጅ ከልጅነቷ የያዘችውን ለጠየቃት ሰው ትሰጣለች። ሙባረክ የሚሉት ልጅ እጁን ሲዘረጋ የራሷን አውጥታ ነው የምትሰጠው። የደነገጠ ሰው ይዞት ይቀራል። ይኸው ነው የምፈራው። አሁን ምሳ ብላና ሂድ።"

"ሐሙስ ና። እዚያ ብትሆን ደስ ይላታል።"

"ሐሙስ ድርቆሽ አለብኝ" አለኝ።

ምሳውን እንደ ነገሩ ቀምሼ ተነሳሁ። በሚኒባሱም ስመለስ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ቀኖች፣ ቁጭ ብድግ ስል ሰነበትኩ። እኔና ገመቹ ስንት ዘመን አብረን በላን፣ አብረን ቀበርን፣ ልጆች ዳርን፤ ያቺን ቀን ሁለታችንም የምናውቃት መስሎኝ ኖሬ፣ ለካ የማውቀው ግማሿን ነው። መፍቻውን አወጣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ለሊሴ ጋ ስደውል "ጋሼ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ደህና ነው" ትለኛለች፤ ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል።

ሐሙስ ቡራዩ ግድቡ ዳር ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ውሃው ከክረምቱ ሞልቶ ባሕር ዛፎቹ እግር ድረስ መጥቷል። ሙባረክ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ለሊሴ ቢጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳየችኝና ዓይኗን ወደ መንገዱ ጣለች። ማንም አልነበረም። ገቡ።

ከዚያ ወዲያ የሚታየው አረፋ ብቻ ነው። ሁለት ቦታ፣ ተራርቀው፣ ይፈላል። አሠሪያቸው ወንበር አምጥቶልኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም። ግድቡ ላይ ወዲህና ወዲያ ስል ባጃጅ ከኋላዬ ቆመ። ገመቹ ወረደ። ካፖርቱ ላይ ድርቆሽ አለ። ሰላም አላለኝም፤ አጠገቤ መጥቶ ውሃውን ያይ ጀመር።

"የቱ ነው የሷ?"

"ያ፣ ወደ ግድቡ የተጠጋው።"

ቆምን። ብዙ ቆምን። ፀሐዩ ከፍ ብሎ ውሃውን ሲመታው ዓይናችንን እያጠበብን ቆምን። ድንገት ራቅ ያለው አረፋ ቆመ። ጠፋ። ወዲያው ወደ ግድቡ የተጠጋው አረፋ በእጥፍ መፍላት ጀመረ። ሁለት ቦታ የነበረው አንድ ቦታ ሆነ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ ለሁለታችን መንገር አያስፈልግም ነበር። ገመቹ ክንዴን ያዘኝ። ጣቶቹ አጥንቴ ድረስ ገቡ።

"ለምን አይወጡም?" አለ።

"ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። እዚህ ከፍታ ላይ ቶሎ አይወጣም፤ ሰዓቱ ይነግራታል።"

"ለምን አይወጡም!" አለ ደግሞ፤ እኔን አልነበረም። ወደ ውሃው ወረደ፤ ከነጫማው ገባ፣ ጉልበቱ ድረስ። ተከትዬው ካፖርቱን ያዝኩት። አረፋው እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ እየነጣ መጣ፤ ከዚያ ሁለት ራስ ጎን ለጎን ብቅ አለ። ሙባረክ አፍ ላይ ቢጫ ነበር።

ዳር ሲደርሱ ሙባረክ እያሳለ ተንበረከከ። እጁ ውስጥ በጥርስ የሚያዘውን ጎማ ብቻ ጨብጧል። በራሱ መሣሪያ ላይ ጎማውን ከመተንፈሻው ጋር የምታጣብቀው የፕላስቲክ ማሰሪያ ሾልካ፣ መተንፈሻው ከታች ወድቆ፣ ጎማው ብቻ ጥርሱ ላይ ቀርቶ ነበር። "ስስበው ውሃ ነው የመጣው" ይላል፤ "ውሃ ብቻ።"

ገመቹ ልጁን አልፎ ለሊሴ ፊት ቆመ። ሰላም አላላትም። "ስንቴ ሰጠሽው?" አላት።

"ምኑን?"

"አፍሽን!"

"አልሰጠሁትም፣ አባዬ። ቢጫውን ራሱ መንጭቆ ወሰደው፤ እንኳን ልሰጠው፣ መጥቶ ሲይዘኝም ሥራ ላይ ነበርኩ።"

"ያንቺስ? ያንቺ የት ነበር?"

ለሊሴ ጥያቄው አልገባትም። "የኔማ አፌ ላይ ነው" አለች። "የት ይሄዳል?"

ገመቹ ዞር አለ። ከውሃው ወጥቶ ጥቂት ሄደና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለሊሴ እግሯ ላይ ካለው የመዋኛ ክንፍ ጋር እየተደናቀፈች ሄዳ እግሩ ሥር ተቀመጠች። በኦሮምኛ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ልስማም አልፈለግኩም። ሙባረክን ብርድ ልብስ አለበስኩትና ማሰሪያዋን ከመሣሪያው ላይ ፈለግኩ። አሮጌ አይደለችም፤ ሲያስሯት በደንብ አልተጠበቀችም።

የዚያን ቀን ሥራው ቆመ። ዕቃው ሲጫን ገመቹ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሱሪው እየተንጠባጠበ ወደ እኔ መጣ። "ይህችን ማሰሪያ ሳታይ ነው የለቀቅኻቸው?" ብሎ ተቆጣኝ።

"የሙባረክን መሣሪያ ማን አመጣልኝና?"

"እንግዲያው ዛሬ ይምጣልህ። የሁለቱም። እኔም አያለሁ።" ወደ ለሊሴ ዞረ። "ነገ ትገቢያለሽ?"

"እገባለሁ" አለች፤ በፍርሃት አይታው።

"በስንት ሰዓት?"

ዓርብ ማለዳ እሱ ከሱሉልታ፣ እኔ ከሰበታ ተነስተን ከሁሉም ቀድመን ደረስን። አንድ በአንድ፣ ማሰሪያ በማሰሪያ፣ ሁለታችንም ካየነው በኋላ ልጆቹ ገቡ። አሁንም ሥራው ሳያልቅ ቀጥሏል፤ በገቡ ቁጥር ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ገመቹ ክንዴን ይይዛል፣ ግድቡ ላይ እንሄዳለን። አረፋው ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ፤ ሲቆም እንቆማለን።